በሁለቱ ቆጣሪዎች መካከል

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጀርባውን ብቻ ያሳዩኝ» እላለሁ፤ የአሮጌ ሰዓት ነጋዴው ሙሴ ማቴ ሰዓቱን ሊገለብጠው ሲል እጁን ለቀም አድርጌ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የከተማችን የፕላንፓሌ አሮጌ ዕቃ ገበያ ገና መሙላቱ ነው። ሙሴ ማቴ ከትናንት በስቲያ ደውሎ፣ «ማዳም ሶላንዥ፣ ከሞንቴቪዴዮ አንድ ሳጥን ሰዓት መጥቶልኛል፤ አንዱ ጀርባው ላይ ሲፈልጉት የኖሩት ጽሑፍ አለ» ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጽሑፉ እዚያው አለ። ወርቁ በእጅ ብዛት ተበልቷል፤ ፊደሎቹ ግን ይነበባሉ፦ ለእራት እንጠብቅሃለን። ያስቀረጸችው እናቴ ናት። አባቴ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ይህን ሰዓት አስሮ ከውቅያኖስ ማዶ ወዳለችው ሞንቴቪዴዮ ሄደ፤ እዚያው ቀረ። እናቴ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታቀርብለት ኖረች። ከዚያ አንድ ቀን ሳህኑ የድመቷ ሆነ፤ የእሱም ወሬ በዚያው አበቃ።

እኔ ግን የመንገደኛ ሰዓት መሰብሰብ ጀመርኩ። ሙሴ ማቴ «የሐይቅ ጀልባ እንኳ የሚያጥወለውላት መንገደኛ» እያለ ይተርበኛል። እነዚህ ሰዓቶች ሁለት የሰዓት ቆጣሪ አላቸው። ወርቃማው ሰውየው የደረሰበትን አገር ይቆጥራል፤ ሰማያዊው ትቶት የሄደውን ቤት። ርቀታቸውን አንድ አንድ ሰዓት የሚለውጡት የጎን ቁልፎች ናቸው። ሌላው ሰብሳቢ የፊቱን ቀለም፣ የጠርዙን ጭረት ይመረምራል፤ እኔ የማየው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሰዓቱ ቢቆምም ርቀቱ እንዳለ ይቀመጣል። ቤቱን የረሳ ሰው ሰማያዊውን ከወርቃማው ሥር ይደብቀዋል፤ ያኔ የሚታየው አንድ ብቻ ነው።

«ነካክተውታል?» እለዋለሁ።

«መሙያውን አዙሬ፣ እንደ ልማዴ ወርቃማውን አሥር፣ የደቂቃውን ሁለት ላይ አድርጌ ፈገግ አስብዬዋለሁ። ያኮረፈ ሰዓት ማን ይገዛል?»

«የጎኑን ቁልፎችስ?»

«እርስዎን እያወቅኩ? ነክቼ ከሆነ እጄን ይቁረጡት። መሙያው እንደሆነ ሁለቱንም አብሮ ነው የሚያዞራቸው፤ ርቀታቸው እንደመጣ ነው።» ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ከፈሩ እኔ ልይልዎት?»

«አይ፣ ተዉት።»

እውነቱን ለመናገር፣ ተደራርበው ባገኛቸው እመርጣለሁ። ረስቶን ነው እልና አርፋለሁ። በአራት ሰዓት ተራርቀው ባገኛቸውም ግድ የለም፤ ሲሄድ ሞንቴቪዴዮ ከእኛ በአራት ሰዓት ወደኋላ ነበረች። የደረሰ ቀን አስተካክሎት ዳግመኛ ሳይነካው ኖሯል ማለት ነው። ሁለቱንም እችላቸዋለሁ።

እጁ ላይ እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

ወርቃማው አሥር ላይ ነው። ሰማያዊው ሦስት ላይ።

ሙሴ ማቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያጎነብሳል። «አምስት» ይላል። «አይሆንም እኮ። ሞንቴቪዴዮ አራት ናት።»

«በበጋ አምስት ናት።»

ቀና ብሎ ያየኛል። እሱም የዚህ አገር ሰው ነውና ይገባዋል። አባቴ ሲሄድ በበጋ ሰዓታችንን አንድ ወደፊት የማዞር ነገር እዚህ አልነበረም። ያንን የጀመርነው እሱ ከሄደ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ማናችንም ጽፈን አልነገርነውም። ራሱ ነው ያጣራው፤ ራሱ ነው ቁልፉን የተጫነው።

«እራት የምንበላበትን ሰዓት ያውቅ ነበር» እላለሁ። «በክረምትም፣ በበጋም።»

ሙሴ ማቴ የራሱን በርጩማ ወደ እኔ ይገፋል፤ አልቀመጥም። እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም። እንዲህም ተቆጥቼው አላውቅም። የረሳ ሰው ይቅር ይባላል፤ ሰዓቱን እያየ የቀረ ሰው ግን ምን ይባላል?

«ላስተካክልዎት?» ይላል ሙሴ ማቴ በመጨረሻ፣ ጣቱን ወደ ጎኑ ቁልፍ አስጠግቶ። «አምስቴ ብጫነው ይገጥማሉ።»

ቁልፉን ሳይጫነው ሰዓቱን ከእጁ እወስዳለሁ። መሙያውን ብቻ፣ እንዳይሰበር ቀስ እያልኩ፣ እሞላዋለሁ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ይመታል። ሰማያዊው ከፊት፣ ወርቃማው ከኋላ ሆነው መንገድ ይጀምራሉ።