በጭን የሚያዙ ቃላት

«ድገሚው» ይለኛል ጋሼ፣ ጣቱን ላፕቶፑ ላይ ተክሎ። አራተኛ ጊዜው ነው። አሻራው ስክሪኑን የአውቶቡስ መስኮት አስመስሎታል።

«የምቆጥረው እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒዩተሩ ነው። እሱ ደግሞ እንደኔ አይሰለቸውም።»

«እንግዲያው ተሳስቷል!»

ጋሼ የአክስቴ ባል ነው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ የሚቆርጠው ሲያጣ የእኛን አንጀት መቁረጥ ጀመረ።

ነገሩ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ቤታችን ድሮ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መጋዘን ነበር። ሰውዬው ወርቁን የቀበረበትን ቦታ በቁጥር ጽፎ ሞተ ይባላል። የወረቀቱ ቅጂ ያልገባበት ቤት የለም፤ አስተማሪውም ጠበቃውም ታግለው ትተውታል። ጋሼ ግን ፈታሁት ባይ ነው። ከጣሪያችን ሥር የነጋዴውን አሮጌ የጤና መጽሐፍ አገኘ። ቁጥሩ ሠላሳ ከሆነ የመጽሐፉን ሠላሳኛ ቃል ይፈልግና የመጀመሪያ ፊደሉን ይወስዳል። አሥራ ሁለቱ ፊደሎች ሲገጣጠሙ፣ እንደ እሱ አባባል፣ «ከወለሉ ሥር ሦስት ክንድ» ይላሉ።

ወለሉ የመኝታ ቤታችን ነው። አክስቴ አምና አሸዋውን በራሷ ጀርባ ተሸክማ ሲሚንቶ አስደረገችው። ከዚያ በፊት ዝናብ በመጣ ቁጥር ፍራሻችን ጭቃ ይጠጣ ነበር። አሁን ሁለት ቆፋሪዎች ዶማቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጠዋት ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሻት «ኮምፒዩተሩ ልክ ነው ካለ ቆፍር። አይደለም ካለ ግን ሁለተኛ እንዳልሰማህ» አለችው። ዳኛ ሆነን የቀረብነው እንግዲህ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔና ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የተዋስኩት ላፕቶፕ ነን።

መጽሐፉን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተየብኩት። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ የማላውቀው ነገር የለም። ቃላቱን አንድ በአንድ ቁልቁል ደረደርኳቸው፣ ኮምፒዩተሩ ቁጥር ሰጣቸው። የነጋዴውን ቁጥሮች ሳስገባ የወጣው ግን «በያመግ» ብሎ የሚጀምር ጉድ ነው። አራት ጊዜ፣ ያው በያመግ።

ጋሼ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሮ ድንገት ቀና ይላል። «ቆይ፣ ‹ነው›ንም ቆጥረሽዋል እንዴ?»

«ቃል አይደለም?»

«አንቺ ልጅ! ‹ነው›፣ ‹ግን›፣ ‹ወይም›... እነዚህ ትንንሾቹ አይቆጠሩም። በጭን ለተያዘ ሕፃን ትኬት ይቆረጣል?»

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየዋለሁ። የምሩን ነው። ጋሼ የመጽሐፉን ቃላት ሲቆጥር የከረመው እንደ ተሳፋሪ ነው።

ሕፃናቱን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ቁጥሩ ተጠጋግቶ ሲስተካከል የመጀመሪያው ፊደል ከ ሆነ። ሁለተኛው ወ። ሦስተኛው ለ። ልቤ ዘለለች፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ የምገዛውን ጫማ ሁሉ መርጬ ነበር። አራተኛው ጭ ሆነ።

«ከወለጭ» አልኩት። «ወርቁ ከወለጭ ሥር ነው።»

«ከፊቱ ያለችውን ቃል እያት፣ ረጅም ናት። ዕቃ የያዘች ሴትዮ ናት፣ ሁለት ወንበር ትይዛለች።»

ሁለት ወንበር ሰጠኋት። ሉ መጣ። ቀጥሎ ሲበላሽ አንዱ ቃል «መንገድ ላይ የወረደ ነው» አለኝ፣ አወረድኩት። ሌላው «ቆሞ የሚሄድ ነው» ተባለ። ሌላው የሹፌሩ ዘመድ። ደሜ እየፈላ የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግኩ፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ ተጻፈ፦ ከወለሉ ሥር ሦስት ክንድ።

«አላልኩም!» ጋሼ ጠረጴዛውን ደለቀው። «ተነሱ እናንተ ሰዎች!»

አክስቴ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ቃሏን ሰጥታለችና ቃሏን አታጥፍም። በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን ዳበስ ዳበስ ታደርገዋለች፣ ልክ የታመመ ልጅ እንደሚዳበሰው።

«አንዴ ቆዩ!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሼ መጽሐፉ ውስጥ ለምልክት የሰካቸው አሮጌ ትኬቶች አሉ። ስድስቱን መዝዤ የመጨረሻ ቁጥሮቻቸውን አስገባሁ። ሕፃናቱን አልቆጠርኩም። አንዷን ቃል ሁለት ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ ሁለቱን መንገድ ላይ አወረድኩ፣ አንዱን የሹፌር ዘመድ አደረግኩት። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ ጋሼ አዞርኩለት።

መነጽሩን አስተካክሎ ያነባል። «ወለሉን... ተው።» ድጋሚ ያነበዋል። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከትኬቶችህ።»

«ትኬት ይናገራል እንዴ?»

«በአንተ ሕግ የመኪና ታርጋም ይናገራል፣ ጋሼ! እኔ ነኝ እንዲል የፈለግኩት። ሰዎቹን የፈለግኩበት አስቀምጬ።»

ጋሼ ትኬቶቹን እንደ ካርታ ዘርግቶ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል። ጆሮው ቀስ እያለ ይቀላል።

«እኔም ያው...» ይላል በመጨረሻ፣ ለራሱ። አይጨርሰውም።

«ጋሼ፣ እንጀምር?» ይላል አንደኛው ቆፋሪ አንገቱን አስግጎ።

ጋሼ ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል። አክስቴን አያያትም። የበሩን ቆርቆሮ በመዳፉ ሁለቴ ይመታዋል፣ ድሮ አውቶቡሱ እንዲነሳ እንደሚያደርገው፣ ዷ ዷ። «ሂዱ» ይላል። «ዛሬ የለም።»

የቆፋሪዎቹ ኮቴ ከደጃፉ ሲርቅ አክስቴ በረጅሙ ትተነፍሳለች። እኔም ላፕቶፑን ልከድነው እጄን ስዘረጋ ጋሼ ተመልሶ አጠገቤ ይቀመጣል። መጽሐፉን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይገልጣል።

«ኧረ ጋሼ! በናትህ!»

አይሰማኝም። ጣቱን ቃላቱ ላይ እያሳለፈ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል። ስድስት። ሰባት። ስምንተኛው ላይ ትንሽዬ «ግን» አለች። ጣቱ ሊዘላት ይነሳል፣ አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርድባታል።

«ስምንት» ይላል።