ደህናው እግር
ጨዋታው ባዶ ለባዶ አልቆ ብሔራዊ ቡድኑ ለመለያ ምት ሲዘጋጅ፣ አጥቂው ሣሩ ላይ ተዘርሮ ግራ እግሩን ለሽማግሌው ወጌሻ ሰጠ።

"ጋሼ፣ በፋሻ ይጠቅልሉልኝ።"

ወጌሻው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዳበሰው። እንደ ብረት የጠና እግር ነው፤ ግን ወባ የያዘው ይመስል ይንቀጠቀጣል።

"ምንም አልሆንክም እኮ።"

"ባለፈው መለያ ምት የሳተው ልጅ የእናቱ ቤት መስኮት በድንጋይ እንዴት እንደረገፈ ረሱት? እኔም እናት አለችኝ።"

አሰልጣኙ መጥቶ በላያቸው ቆመ። "መምታት ይችላል?"

ወጌሻው እጁን ወደ ፋሻው ሰደደ። ይችላል ብሎ ልጁ ቢስት፣ ጣት የሚቀሰረው በማን ላይ እንደሆነ አላጣውም። እሱም ቤት አለው፤ ቤቱም መስኮት አለው።

"አይችልም" አለ አንገቱን ሳያቀና፣ ደህናውን እግር ጥብቅ አድርጎ እየጠቀለለ።

ጨርሶ ቀና ሲል አምበሉና ሁለት ተከላካዮች ካልሲያቸውን አውርደው ከፊቱ ተራ ይዘዋል። ከኋላቸው በረኛው ቆሟል። ቅያሪ ስላለቀ እሱን የሚተካ ሰው አልነበረም። ጓንቱን አውልቆ ጣቶቹን ዘረጋ።

"ጋሼ፣" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፋሻው ለኔ ይተርፋል?"