የባናው ሌላ ጫፍ

«እንስሳ ሕልም ያያል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነበር አባቴ፣ ቤታችን ያደሩትን መነኩሴ። እኔ ልጅ ነኝ፤ ቆጥ ላይ ተኝቼ እሰማለሁ። መነኩሴው መለሱለት። ድምፃቸው ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ቃሉን ግን እንቅልፍ ወስዶብኛል።

ያ ወሬ አሁን የመጣብኝ ውሻዬን ቦራን ለማንሳት ጎንበስ ባልሁበት ነው። የሱፍ ባናውን አጥፌ ከሆዱ ስር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፌ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ላይ እስባለሁ። ጥጃ የሚያህል ውሻ ነው። ወገቡ ትንሽ ብድግ ይልና ያጋድላል፤ አብረን እንወድቃለን።

ጅብ ሊያባርር ከካቡ ሲዘል ነው ከአከርካሪው መሐል ያለው ልስልስ አጥንት ሾልኮ ነርቩን የተጫነው። የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ልጄ ጽናት በአይሱዙ ጭና ወስዳ ቀዶ ጥገና አስደረገችለት። ስፌቱ ላይ ፀጉር ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ እግሮቹ ግን እንደ እርጥብ ገመድ ይጎተታሉ። «እማዬ፣ በየቀኑ ሁለት ሆናችሁ ደግፋችሁ አስኪዱት» ትለኛለች በስልክ። «እግሩ ከሰለለ በመርፌ ከማሳረፍ በቀር የማደርግለት የለኝም።»

ጉም ከጓሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። በጎቹ አይታዩም፤ ሳላቸው ብቻ ከነጩ ውስጥ ይመጣል። ከዚያው ነጭ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ቄስ ታዲዮስ ብቅ ይላሉ።

«እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ፣ ለሁለታችንም።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼ፣ ያንን ጫፍ ይያዙልኝ።»

«ማታ ሰሞን እገባለሁ እኮ፣ ጥሩዬ።»

አውቃለሁ። ሰሞን የገባ ቄስ ሳምንቱን ሙሉ የመቅደሱ ነው፤ ውሻ የነካ እጅ ታቦት አጠገብ አይደርስም።

«የሚይዙት ባናውን ነው» እላለሁ።

«ባናውስ ማንን ነው የያዘው?» ይስቃሉ። «ደግሞ አገሩ ምን ይለኛል? ቄሱ ውሻ ዳዴ ያስብላሉ ሊባል ነው። ይልቅ ሰሞኔ እስኪያልቅ ታገሺኝ።»

«እኔስ እታገሣለሁ። እግሩ ነው የማይታገሠው።»

እንደገና አነሳዋለሁ፤ እንደገና እንወድቃለን። ቦራ አገጩን ጫማዬ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ይወስደዋል። ወንድሜ መሄዱን ትተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ።

ጉሙ በላያችን ያልፋል፤ ግቢው ከምድር ተነስቶ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ከዚያ የቦራ የፊት እግሮች መሮጥ ይጀምራሉ፣ ተኝቶ። ቀጥሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ያ የሞተው የኋላ እግር ጣቶቹን ያጥፋል። ይዘረጋል።

«የት እየሄደ ነው?» ይላሉ ወንድሜ፣ ሕፃን እንደተኛበት ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጓሳው ላይ ይመስለኛል። በጎቹን ተከትሎ።»

እግሩን እያዩ ብዙ ይቆያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ሌላ አልጠይቅም። ከዚያ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ስር አውጥተው ለባልንጀራቸው ቄስ ይደውላሉ።

«ገብረየሱስ፣ የዛሬውን ሰሞን ግባልኝ፤ ያንተ ሲደርስ እኔ እገባልሃለሁ... የለም፣ እኔን አላመመኝም። አስታማሚ ነኝ።»

መስቀላቸውን ተሳልመው ኪሳቸው ይከታሉ። ቦራ ነቅቶ ያያቸዋል። ጋቢያቸውን ካቡ ላይ ጥለው ይጠጉንና ጎንበስ ይላሉ።

«በየት በኩል ነው የምይዘው?»