በሩ ላይ የተለጠፈው ኪውአር ኮድ

ስልኳ አሁንም ጮኸ። አንድ ሰው «የሚሸጥ ቤት» በሚለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ኪውአር ኮድ ስካን አድርጎ የቤቷን ቪዲዮ ከፍቷል ማለት ነው። ደላላው ሲለጥፈው «ሰው ባየው ቁጥር ስልክሽ ይነግርሻል» ብሏት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልክ በአስር ሰዓት አንድ ሰው ይከፍተዋል፤ ግን አይደውልም፣ በሩንም አያንኳኳም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምታድረው፤ ቪዲዮው ደግሞ የትኛው መስኮት ፍርግርግ እንደሌለው ሳይቀር ያሳያል። ጫማዋን አውልቃ እስከ አጥሩ በር ሄደች፤ መቀርቀሪያውን ሳበችው።

አማቷ ነበሩ። የልጄ ቤት አይሸጥም ብለው ተጣልተዋት ከሄዱ ወር አልፏቸዋል። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ሰሌዳው እንደዘረጉ ክው ብለው ቀሩ።

«እማዬ! እርስዎ ነዎት እንዴ? በድንጋጤ ገደሉኝ እኮ!»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ሁለተኛ እግሬ አይረግጠውም ብዬ ምዬ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስልኩን አቀበሏት። «ይሄ ነገር መኝታ ቤት ሲገባ ከበሩ ጀርባ የልጄ ኮት ተሰቅሎ ይታያል። በደንብ ሳላየው ያልፍብኛል። ማቆም ይቻላል?»

ቪዲዮውን ኮቱ ላይ አቆመችላቸው።