ቀይ ጆሮ ያላት የእንጨት ልጅ

ላዚና ትንሽ መንደር ናት። አንዱ ቤት ዶሮ ቢያስነጥሳት ጎረቤት «ይማርሽ» ይላል። ከሰው ይልቅ በመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ የሙታን ፎቶ ይበዛባታል። ጥቁር ያልለበሰ ቢፈለግ የሚገኘው በግ ብቻ ነው፤ እሱም ግማሹ ጥቁር ነው።

ስለዚህ አዲሷ የሕፃናት አስተማሪ እትዬ ዛጎርካ በመኸር ባሏ ሞቶባት፣ ከእናቷ ጋር ይኖሩበት ከነበረው የከተማ ቤት ወጥታ ጥቁሯን ለብሳ ስትመጣ፣ ማንም ዞሮ አላያትም። ልጇን ቬልኮንም ያየው የለም። በሰማያዊ መሐረብ አፉን ይዞ እየሳለ ከኋላዋ ይከተላል። ሰው ሁሉ ያየው ጆንያዋን ነው። ጣት የሚያህሉ፣ ክብ ራስ ያላቸው፣ እጅም እግርም የሌላቸው የእንጨት ሰዎች ሞልተውታል።

«ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?» አላት መቃብር ቆፋሪው ጋሽ ፔሪሻ።

«ልጆቹ ቀለም ይቀቧቸዋል። ጣታቸው ይፍታታል፤ በኋላ እርሳስ መያዝ አይቸግራቸውም።»

«የኔን ጣት አካፋ አፍታቶታል። እርሳስ ግን እስከ ዛሬ እንዳየኝ ይሸሻል።»

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ልጆቹ ምድጃውን ከበው ቀቡ። በክብሪት እንጨት ጫፍ ዓይን ነጠቡ፤ ምላሳቸውን አውጥተው አፍ ሳሉ። መጀመሪያ ላይ ከእንጨቱ ይልቅ የተቀባው አፍንጫቸው ነበር፤ አንዱማ እስከ ፋሲካ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ከረመ። ቀስ በቀስ ግን እያንዳንዱ ራሱን ሠርቶ መስኮቱ ላይ አቆመ።

ከሁሉም የምታምረው የኔቬንካ ነበረች። ቢጫ ፀጉር፣ በደረቷ ላይ ቁልፎች፤ ቀለም አምልጧት ደግሞ አንድ ጆሮዋ ቀይ። ኔቬንካ ራሷ ጉንጯ እንደ ቲማቲም የቀላ፣ ጉንፋን ሲያያት መንገድ የሚቀይር ልጅ ናት።

«ምን አብልተሽ ነው እንዲህ ጤነኛ ያደረግሻት?» አለቻት እትዬ ዛጎርካ እናቷን ድራጊንያን።

«ነጭ ሽንኩርት። ጉንፋን ቀርቶ አባቷም አይጠጋትም።»

በረዶው ሲቀልጥ የባባ ስታመንካ ልጅ ሞተች። አሮጊቷ የራሷን ባል የቀበረችው በወይን ለቀማ ሰሞን ነበር። ከአንድ ቤት በዓመት ሁለት ሰው ከሄደ ሦስተኛው እንደማይቀር ላዚና ውስጥ ጡት ያልጣለም ያውቃል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከሁለተኛው ሟች እግር ሥር ምትክ መቅበር። ሞት ምትኩን ቆጥሮ ይሄዳል። አሮጊቷ የቀራት የልጅ ልጇ ራስትኮ ብቻ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ የሚከቱለት ቀጫጫ።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እትዬ ዛጎርካ እናቷን ልትቀብር ከተማ ወርዳ ነበር። ልጆቹ ሐዘኗን ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ተካፈሏት።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የኔቬንካ የእንጨት ልጅ መስኮቱ ላይ አልነበረችም። ብዙም ሳይቆይ ኔቬንካ ማሳል ጀመረች።

ድራጊንያ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀችም። የትምህርት ቤቱን ምድጃ የምታነደው ባባ ስታመንካ ናት፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሱቁ በር ላይ ያዘቻት።

«ባባ፣ ልጄን መልሺልኝ።»

«ልጅሽ ኋላሽ ቆማ አይደል እንዴ?»

«የእንጨቷን ነው የምልሽ። ለራስትኮ ብለሽ ቀብረሻታል።»

«እኔ የቀበርኩት ፊት የለውም። ፊት ያለው ሰው ነው፤ ሰው የሚቀብር ደግሞ እዚህ ፔሪሻ ነው።»

«እኔም ብሆን መጀመሪያ እስኪሞቱ እጠብቃለሁ» አለ ጋሽ ፔሪሻ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሞት ግን የፈረስ ነጋዴ ነው፣ ባባ። ቀይ ጉንጭ ካላየ አይለውጥም ይላሉ።»

እትዬ ዛጎርካ ቬልኮን በእጇ ይዛ ከሱቁ ወጣች። ልጁ ዳቦውን ጉንጩ እስኪወጠር ይገምጣል።

«እንጨት እንጨት ነው» አለች። «አይጥ ወስዷት ይሆናል። አሮጊቷን ተዉአት፤ ለልጅቷ ሐኪም ጥሩላት።»

ሐኪም መጣ፤ ሽሮፕ ሰጠ። ትኩሳቱ ሽሮፑን ጠጥቶ ባሰበት። የኔቬንካ ጉንጭ እንደ አመድ ሆነ።

ምትክ ከአፈር ከወጣ ውሉ ይፈርሳል። ድራጊንያ አሮጊቷ ደጅ ተንበረከከች።

«ቆፍሩ» አለች ባባ ስታመንካ። «የሷ ከሆነች ውሰዷት። ካልሆነችስ የኔን ራስትኮ ማን ይመልስልኛል?»

ጋሽ ፔሪሻ ለዚያች ቀን ቀልድ አልነበረውም። ከመቃብሩ እግር በኩል ቆፍሮ ጨርቅ አወጣና ፈታው። እጀታው የተሰበረ የእንጨት ማንኪያ ነበር። ፊት የለውም።

ድራጊንያ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ ማንኪያውን መልሳ ጠቀለለችው።

«ፀሐይ አየችው» አለች። «ከእንግዲህ አይሠራም።»

ከዚያም ራስትኮን ፍለጋ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ በዚያ ዕድሜዋ።

በማግስቱ እትዬ ዛጎርካ ያልተቀባ እንጨትና ብሩሽ ይዛ ኔቬንካ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሌላ እንሠራለን፣ የኔ ቆንጆ። ጣትሽ እንዳይረሳ።»

የልጅቷ ጣት ብሩሹን መያዝ አልቻለም።

«አንቺ ቀቢልኝ፣ እትዬ» አለች። «ጆሮዋን ቀይ አድርጊው።»

እትዬ ዛጎርካ ቀዩን ቀለም ስታነሳ ከእጇ አምልጦ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። ድራጊንያ የአስተማሪዋን ደግነት አይታ አለቀሰች።

ከተማ ውስጥ፣ የእትዬ ዛጎርካ ባል ካረፈበት ጎን፣ ከእናቷ እግር ሥር፣ ቢጫ ፀጉር ያላት፣ አንድ ጆሮዋ የቀላ የእንጨት ልጅ በሰማያዊ መሐረብ ተጠቅልላ ተቀብራለች።