የጆሲ ሀምባከር

ጓደኛዬ ጆሲ በሞተር አደጋ ከሞተ ወሩ ነው። እናቱ እትዬ ማንጠግቦሽ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ዲላ ወዳለው የጊታር መጠገኛ ቤቴ ድረስ አመጡት።

"ነገ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልሰጠው ነው። ከእጄ ሳይወጣ አንዴ ልስማው" አሉኝ።

የክሩን ድምፅ የሚቀበለው የድሮው ዕቃ እንደ ዝንብ ይጮኽ ነበርና አውጥቼ በምትኩ ሀምባከር የሚባለውን ገጠምኩለት።

"ይሄስ ድምፁ እንዴት ነው?"

"ጩኸቱን ይውጠዋል እትዬ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ነው፤ ልክ ምሳ በልቶ እንደሚጸልይ ፓስተር!"

"አንተ ባለጌ!" ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ እንባቸው መጣ።

ክሮቹን ገና አላሰርኩም፤ ጊታሩ ላይ አንድም ክር የለም። መሥራቱን ልይ ብዬ ስፒከሩን ከፍቼ ሀምባከሩን በካቻቢቴ መታ አደረግኩት። ዱብ አለ፤ ከዚያ ጸጥ።

ቆይቶ ስፒከሩ ውስጥ ወፍራም ክር ተመታ። ላላ ያለ ነበር፤ ቀስ እያለ ጠበቀ። ቀጥሎ ሁለተኛው።

ላጠፋው እጄን ስሰድ እትዬ ያዙኝ።

"ተወው ልጄ። ጆሲ ሲቃኝ ይቆያል።"