የቤቱ ሽማግሌ

«ለአባትሽ ንገሪው፤ መጋረጃውን ይግለጠው፣ ስፌቱ አልታይ አለኝ» አለች እናት፣ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል።

አባት የተቀመጠው እጇን ብትዘረጋ በምትነካው ወንበር ላይ ነው። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከላፕቶፗ ሳትነቅል «አባዬ፣ መጋረጃውን ግለጠው ትልሃለች» አለች። አባት ተነስቶ ገለጠና «ይበቃታል ወይ በያት» አለ። «በቃኝ በይው» አለች እናት። ልጅቷም ይህንኑ አደረሰች። ከመልመዷ የተነሳ አፏ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚናገረው።

ነገሩ የጀመረው አባት የቀያሽነት ሥራውን ትቶ ያለጊዜው ጡረታ መውጣቱን እናት ከጎረቤት አፍ የሰማች ዕለት ነው። «ለጎረቤት የሚያወራ ሰው ከእኔ ጋር ወሬ የለውም» ብላ ዘጋችው። እሱም ግትርነት ከማንም አይበደርምና መልሶ ዘጋት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መንግሥት ሆነው ይኖራሉ፤ መልእክተኛቸው አንድዬ ልጃቸው ናት። ዘመድ አዝማዱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜዋ «ሽማግሌዋ» ብሎ ሰየማት። መጀመሪያ ላይ ስሙ ያስቃት ነበር።

በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ እያሉ ከሚመጡት ብዙዎቹ የታመሙት በቤታቸው ኩርፊያ መሆኑን አየች። ስለዚህ በጋብቻና በቤተሰብ ምክር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አመለከተች። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት። አንዱ እዚሁ ከተማ ነው፤ የማታ ትምህርት፣ መጽሐፉና ፈተናው የሚበዛበት። ሌላው ሩቅ ነው፤ ቤት ለቆ መሄድ ይጠይቃል። እዚያ ግን ተማሪው ከመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ከተጣሉ ባልና ሚስት ጋር ይቀመጣል፤ መምህሩ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ያየዋል፣ ሲሳሳትም አስጠርቶ ያርመዋል። መልሷን መላክ ያለባት ዛሬ፣ ቢሮ ሳይዘጋ ነው።

«ዋና ከወንዝ ዳር ተቁሞ አይለመድም በያት» አለ አባት። «ሩቁ ይሻላታል።»

«የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል ማለት ይሄ ነው በይው» አለች እናት። «እዚሁ ደጇ ያለው ምን ጎደለው? ደግሞስ እሷ ከሄደች እኔና እሱን ማን ያነጋግረናል?»

ልጅቷ ይህኛውን ለማድረስ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የከበዳት ይኸው ነው። ልቧ መስታወቱ ወዳለበት ወደ ሩቁ ሄዷል፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች ዝም እንዳሉ ጥሎ መሄድ ግን ግፍ መሰላት። ባለፈው ጊዜ ሌላ ከተማ ያገኘችውን ዝውውር እምቢ ያለችውም በዚሁ ምክንያት ነበር። እዚሁ ከተማ ያለውን መረጠች፤ የሚቀራት «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። «ልብሱ ሊበሰብስ ነው» አለ አባት፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። ልጅቷ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከገመዱ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጠራርጋ አቀፈች፣ ጭቃ የያዘውን ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች።

በኮሪደሩ መሃል ቆመች። ሳሎን ውስጥ ወሬ አለ።

«እስከ መቼ ነው ይሄ ቲያትር?» ይላል አባቷ። «እኔ እንደሆነ ደክሞኛል።»

«እኔስ? ቅድም ረስቼው በእሷ ፊት ልመልስልህ ነበር እኮ» አለች እናቷ። «መልሱን እስክትልክ ቻለው። ታርቀናል ያልናት ዕለት ሳትውል ሳታድር ሻንጣዋን ታነሳለች።»

«ታንሳ። ልጅ እኮ ናት፣ በሬ አይደለችም አስረን የምናስቀራት።»

«ከዚያ እኔና አንተ ባዶ ቤት ተፋጠን ልንቀመጥ ነው?»

«አሁንስ ተፋጠን አይደል የተቀመጥነው?»

እናቷ ሳቀች። ልጅቷ ይህን ሳቅ ከሰማች ዘመን ሆኗታል። በተገረበበው በር ስታይ፣ አባቷ መርፌ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክር ያስገባል፤ እናቷ «እጅህን አታንቀጥቅጠው» እያለች ክርኑን ደግፋ ይዛዋለች።

መጀመሪያ ተናደደች። ስንት ዓመት ሙሉ በእነሱ መሃል ስትመላለስ የኖረችው፣ ዝውውሩን ያስቀረችው ለዚህ ነው? ቀጥሎ ሳቋ መጣ፤ እንዳያመልጣት አፏን በእርጥቡ አንሶላ ያዘች። ከሳቁ ኋላ ደግሞ አዘነችላቸው። ሁለቱም የሚፈሩት ጠቡን አልነበረም፤ እሷ የሌለችበትን ቤት ነው። እሷም የፈራችው እሱኑ ነበር።

ጎላ አድርጋ አሳለች። ወንበር ተንቋቋ፣ የስፌት መኪናው መንጫጫት ጀመረ። ስትገባ አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፤ እናቷ ጨርቁ ላይ አቀርቅራለች።

«ለአባትሽ ንገሪው፤ ተነስቶ ልብሱን ይቀበልሽ» አለች እናት።

ልጅቷ መልእክቱን አላደረሰችም። ልብሱን ራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። የመረጠችውን ሰርዛ ሌላውን መረጠች፤ «ላክ» የሚለውንም ተጫነች።

«ላክሁት» አለች። «የሩቁን ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሁለቱም ወደ ልጃቸው አልዞሩም፤ ቀድመው የተያዩት እርስ በርስ ነው።

«ሰማህ?» አለችው እናት።